ሕፃን ባለበት ቤት የእጅ ሥራ እንዴት ይከናወናል? ከዋግ ኽምራ እናቶች የምንማረው

የእጅ ሥራ የቤት ክብር መሆኑ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ጌታው ወደ አደባባይ ሲወጣ የሚያጣፋው ኩታ፣ እንግዳ ሲመጣ በፊቱ የሚቀርበው ሞሰብ፣ ሕፃኑም በእናቱ ጀርባ የሚታዘልበት አንቀልባ፣ ሁሉም የባለሙያ እጅ ያረፈበት ሥራ ነው። ይህንንም እያየን ባለሙያይቱን እናመሰግናለን። ነገር ግን ይህች ሴት የሚጠባ ሕፃን በጉያዋ፣ የሚድኽ ልጅ በእግሯ ሥር ሳለ፣ ይህን ሁሉ የምትሠራበትን ጊዜ ከወዴት አገኘችው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን ልንመለከተው ያሰብነው ነገር ይህ ነው።

ለዚህም ነገር ምሳሌ የምትሆነን አገር ዋግ ኽምራ ናት። ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረች፣ ከአፋር በረሓ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚሸጥባትና የሚለወጥባት ታላቅ ገበያ ሆና በታሪክ የታወቀች ከተማ ናት። ከላሊበላ በስተ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች ሌሊቱ ይበርዳል፤ በምዕራብ በኩል ግን አገሩ ወደ ተከዜ ሸለቆ እየወረደ ቆላ ይሆናል። በደጋ የሚኖር ሰው ያለ ጋቢ ሌሊቱን ማለፍ ይቸግረዋል። ጋቢም በአራት እጥፍ የሚሠራ ልብስ ስለ ሆነ ብዙ ፈትል ይፈጃል። ጥጥ የቆላ ፍሬ ነውና ደገኛይቱ እናት ከገበያ ገዝታ በቤቷ ትፈትለዋለች።

የፈትልን ሥራ ከዳር ሆኖ የሚያይ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ነገር ግን ጥጡ አስቀድሞ በመዳመጫ ተዳምጦ ከፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል፤ አመልማሎውም በእንዝርት እየተሳበና እየከረረ ፈትል ይወጣዋል። ፈትሉም ሁለት ዓይነት ነው። ድር የሚባለው ቀጭንና ጠንካራ ሆኖ የሚከር፣ ማግ የሚባለው ለስለስ ብሎ የሚፈተል ነው። በዛሬ ጊዜ በብዙ ስፍራ ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኖ ማጉ ብቻ በእጅ ይፈተላል። ቢሆንም ማጉ ራሱ የብዙ ወራት ሥራ ነው። ሸማኔው በመጨረሻ ተቀብሎ በጥቂት ቀን ሠርቶ ሲያስረክብ፣ የፈታይቱ ወራት ከጨርቁ ውስጥ ገብቶ አይታይም።

እንግዲህ ልጆች እያሳደጉ ይህን ሥራ መሥራት እንዴት ተቻለ? ይህን ነገር የውጭ አገር ሊቃውንትም መርምረውታል። ጁዲት ብራውን የተባሉ ተመራማሪ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ በልዩ ልዩ አገር ሴቶች በብዛት የያዙት ሥራ ከሕፃን ጥበቃ ጋር የሚስማማው ሥራ መሆኑን አመልክተዋል። የሚስማማውም ሥራ አራት ጠባይ አለው፤ ይኸውም ልብን ሁሉ ጠቅልሎ የማይወስድ፣ በማናቸውም ጊዜ ቢያቋርጡት የማይበላሽና መልሰው በቀላሉ የሚጀምሩት፣ ሕፃኑን ለአደጋ የማይሰጥ፣ ከቤትም የማያርቅ ነው። ኤልሳቤጥ ዌይላንድ ባርበር የተባሉት የጥንት ጨርቃ ጨርቅ ዐዋቂም በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ መሠረት አድርገው፣ መፍተልና መስፋት በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ስለ ምን የሴቶች ሥራ ሆኖ እንደ ቆየ አስረድተዋል።

ይህን ሚዛን ወስደን በአገራችን ሥራ ላይ ብናኖረው፣ የእናቶቻችን ብልሃት ወዲያው ይገለጥልናል። እንዝርት ሕፃኑ ሲያለቅስ ወዲያው ይቀመጣል፤ ክሩ አይበጠስም፣ ቢበጠስም ከአመልማሎው ጋር ተያይዞ ይቀጠላል። ጨለማም አይከለክለውም፤ የለመደች እጅ በእሳት ብርሃን ትፈትላለችና። የሸማኔው ዕቃ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሸማኔ እግሩን በጉድጓድ ውስጥ አድርጎ፣ ድሩን ከፊቱ ወጥሮ ይሠራል፤ የተወጠረ ድርና የተቆፈረ ጉድጓድ ደግሞ ከሚድኽ ልጅ ጋር በአንድ ቤት አይስማሙም። በአገራችን ሽመና የወንድ ሥራ የሆነበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው ባንልም፣ ነገሩ የሚያሳስብ ነው።

የሞሰብና የሰፌድ ስፌት በሁለቱ መካከል ነው። አክርማውና ስንደዶው እርጥብ ሆኖ ካልተሰፋ ይሰበራል፤ ስለዚህ እናቲቱ አንድ ጊዜ የምትዘፈዝፈው በአንድ መቀመጫ ልትጨርሰው የምትችለውን ያህል ብቻ መሆን አለበት። ወስፌውም የተሳለ ስለ ሆነ ሥራው ሲቋረጥ በመሬት ላይ አይተውም። ጥልፍ ደግሞ የቀን ብርሃንና ንጹሕ እጅ ይፈልጋል፤ በኩራዝ ቢሠሩት ዐይንን ያደክማል፣ ስፌቱም ይጣመማል። እንግዲህ ለየሰዓቱ የሚስማማ ሥራ አለ፤ ባለሙያ የምትባለውም ሁሉን በአንድነት የጀመረችው ሳትሆን፣ ሥራውን ከሰዓቱ ጋር ማጋጠም የቻለችው ናት።

አሁን ደግሞ ነገሩን ከሕፃኑ ወገን እንመልከተው። በቤታችን ልማድ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። እስከዚያ ድረስ እናቲቱ አራስ ናት፤ ገንፎው በዘመድና በጎረቤት እጅ ይገነፋል፣ የቤቱም ሸክም በሌላ ሰው ላይ ይሆናል። ይህ ልማድ ጥበብ ያለበት ስለ ሆነ ሊጠበቅ ይገባዋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስለሚጠባ፣ እናቲቱ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ትጠራለች። በዚህ ጊዜ የእጅ ሥራ የሚያዝዝባት ሰው የሕፃኑን ወተትና የእርሷን እንቅልፍ እንደ ወሰደ ይቆጠራል። ለክርስትናው የሚያስፈልገው ማተብ እንኳ በአያት ወይም በክርስትና እናት እጅ ቢገመድ መልካም ነው፤ ለሕፃኑ በአንገቱ የሚታሰርለት ይህ ክር ከእናቱ ሌላ የሚወድዱት ሰዎች እንዳሉት ምስክር ይሆናልና።

ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ድረስ የእናት ጡት ብቻ እንዲበቃው፣ ከዚያም በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ሌላ ምግብ እንዲጨመርለት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ከ6 እስከ 8 ወር ያለው ልጅ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ያለውም ከ3 እስከ 4 ጊዜ መመገብ አለበት። የልጁ ሆድ ትንሽ ስለ ሆነ የአዋቂውን ማዕድ ጠብቆ አንድ ጊዜ ቢያበሉት አይበቃውም። ስለዚህ የምግቡ ሰዓት አስቀድሞ ይቆረጣል፤ ፈትሉና ስፌቱ በተረፈው ሰዓት ይገባል። ሥራው ለልጁ ይታጠፍ እንጂ ልጁ ለሥራው አይታጠፍም።

ልጁ መዳኽ በጀመረ ጊዜ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ከዚህ በፊት በአንቀልባ ታዝሎ ዝም ይል የነበረው፣ አሁን ያየውን ሁሉ ይይዛል፣ የያዘውንም ወደ አፉ ይወስዳል። መርፌ፣ ወስፌ፣ መቀስ፣ ዶቃ፣ አዝራርና የጥጥ ፍሬ ለእርሱ አደገኛ ነገሮች ናቸው፤ ረጅም ክርም በአንገቱ ሊጠመጠም ይችላል። ለዚህም መድኃኒቱ ቀላል ነው። የእጅ ሥራው ዕቃ ሁሉ ክዳን ባለው አንድ መሶብወርቅ ወይም ቅርጫት ውስጥ ይደረግ፤ ቅርጫቱም ከግድግዳ ካስማ ላይ ይሰቀል። ሥራው ሲቋረጥ መርፌው ቍጥሩ ይታወቅ። የተነደፈ ጥጥ ብናኝ ስለሚያስነሣ መንደፉ በውጭ ወይም ሕፃኑ በሌለበት ክፍል ይሁን፤ አክርማ በፈላ ቀለም የሚነከርበት ቀን ደግሞ ልጁን የሚይዝ ሌላ ሰው ያለበት ቀን ይሁን።

አምስትና ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ግን ከማስቸገር አልፎ መርዳት ይወድዳል። ወንድም ሆነ ሴት፣ ልቃቂት መያዝ፣ አክርማውን በቀለሙ መለየት፣ አመልማሎ ማቀበል ይችላል። ይህንንም ሲያደርግ መቍጠርን፣ ቀለም መለየትን፣ የጀመሩትን መጨረስን ይማራል። ነገር ግን አንድ ነገር ሳናሳስብ አናልፍም። በብዙ ቤት እናቲቱ እጇ እንዲፈታ ሲባል ታላቂቱ ልጅ ሕፃኑን አዝላ ትውላለች፤ ከትምህርት ቤትም ትቀራለች። እንዲህ ሆኖ የተፈተለ ጋቢ ዋጋው ከገበያው ዋጋ እጅግ ይበልጣል። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ከተመለሰች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብታግዝ መልካም ነው፤ የትምህርቷን ሰዓት ግን ማንም ሊነካባት አይገባም።

ለሥራ የሚሆነውን ወራትም መምረጥ ያስፈልጋል። በዋግ ደጋ በክረምት እናቲቱ በአረም፣ በመኸርም በአጨዳና በአውድማ ትያዛለች። ከዚያ በኋላ ከጥር ጀምሮ የእርሻው ሥራ ቀለል ይላል፤ ይሁን እንጂ በበጋ ውኃው ስለሚርቅ ቀኑ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የሻደይ በዓል ነው። ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ የሰቆጣና የአካባቢዋ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ረጅም ለምለም ሣር በወገባቸው ታጥቀው፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ሹሩባ ተሠርተው ከበሮ እየመቱ ይወጣሉ። ይኸው በዓል በትግራይ አሸንዳ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል ይባላል። የዚያን ቀን ልጇ ያለ አዲስ ቀሚስ እንድትቀር የምትወድ እናት የለችም።

እንግዲህ ይህን ቀሚስ በሐምሌ ልጀምረው የምትል እናት አረሙና ጾሙ ተደርበውባት ሌሊቱን ሳትተኛ ታድራለች። በጥር ብትጀምረው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሂሳቡን እንመልከተው። ከጥር 1 ቀን እስከ ነሐሴ 1 ቀን 210 ቀን ነው፤ ይህም 30 ሳምንት ይሆናል። እሑድን ትታ በሳምንት 6 ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ብቻ ብትሠራ በሳምንት 3 ሰዓት፣ በ30 ሳምንትም 90 ሰዓት ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ ልጅ የታመመበት፣ ለቅሶ የተደረሰበት፣ እንግዳ የመጣበት ቀን ተቀንሶ እኩሌታው እንኳ ቢቀር 45 ሰዓት ነው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ ሕፃን ያላት እናት ገንዘቧ ይህች ግማሽ ሰዓት ናት።

ግማሹም ሰዓት እንዳይባክን ሥራውን ከፍሎ መያዝ ይጠቅማል። የቀሚሱ ጥልፍ በሙሉ ልብሱ ላይ ከመሠራት ይልቅ፣ የደረቱ፣ የእጅጌውና የታችኛው ጠርዝ ጥልፍ በየብቻው በጠባብ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ በመጨረሻ ቢገጠም፣ እናቲቱ በጉልበቷ ላይ የምትይዘው ትንሽ ቁራጭ ብቻ ይሆናል፤ ሕፃኑ ሲነቃም ወዲያው ይታጠፋል። አንድ ቁራጭ ባለቀ ቍጥር ደግሞ ልቧ ይደሰታል። ከሁሉም ይልቅ አንድ ሥራ ሳያልቅ ሦስት ሥራ አለመጀመር ይሻላል፤ በየካስማው ተሰቅሎ የሚታይ ያላለቀ ሥራ የሚያስገኘው ትካዜ ብቻ ነውና።

እስከ አሁን የተናገርነው ለእናቶች ነው። ነገር ግን ነገሩ በእናቲቱ ብልሃት ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ውሳኔ አውጥቷል። የዚህም ውሳኔ ዓላማ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በምግብ ጉድለት ምክንያት የሚደርስባቸውን መቀንጨር በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 2030 ድረስ ማጥፋት ነው። ሥራውም በመጀመሪያ በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙት በአማራና በትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶው 38ቱ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶው 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያለው ጊዜ 1000 ቀን ያህል ነው፤ በዚህ ጊዜ የጎደለውን ዕድገት በኋላ መመለስ እጅግ ያስቸግራል።

የመቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድርቅ አለ፣ የእህል ማነስ አለ፣ የንጹሕ ውኃ ጉድለት አለ። ነገር ግን ከእነዚህ ጋር የእናት ጊዜ ማጣትም አንዱ መሆኑን ልንሰውረው አይገባም። በቀን ለጥቂት ጊዜ ብቻ የምትቀመጥ እናት ሕፃኑን አራት ጊዜ ለማብላት ጊዜ ከወዴት ታመጣለች? ውኃው በእርሷ ጀርባ፣ እንጨቱ በእርሷ ጀርባ፣ እንጀራው በእርሷ እጅ፣ ከዚያም በላይ ፈትሉ በእርሷ እጅ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎድለው መናገር የማይችለው የሕፃኑ ድርሻ ነው። ጋቢው ቢዘገይ ባለቤቱ ይጠይቃል፤ የሕፃኑ ምግብ ቢዘገይ ግን የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ በሹመትና በጽሕፈት ሥራ ላይ ያላችሁ የቤት አባወራዎች ሆይ፣ ይህን ነገር በልባችሁ አኑሩት። ጧት ወደ ሥራ ስትወጡና ማታ ስትመለሱ ልጁን ተቀብላችሁ ግማሽ ሰዓት ብትይዙት ክብራችሁ አይቀንስም። ውኃው በአህያ የሚጫንበትን፣ እንጨቱም በወንድ እጅ የሚፈለጥበትን መንገድ ብታደርጉ፣ ለባለቤታችሁ የሰጣችሁት ከጌጥ የበለጠ ስጦታ ነው። ለበዓል አዲስ ጋቢ ስትፈልጉ አስቀድሞ በቤት ውስጥ ያለውን ሕፃን ዕድሜ ቍጠሩ፤ ዕድሜው ሁለት ዓመት ካልሞላ፣ ፈትሉ ከገበያ ቢገዛ ወይም የአምናው ጋቢ ታጥቦ ቢለበስ ነውር የለበትም። በገበያ ፈትል የምትሸጠውም እናት ዋጋዋን ስታገኝ፣ የአንዱ ቤት ዕረፍት ለሌላው ቤት እንጀራ ይሆናል።

የእጅ ሥራ ይቅር ማለታችን ግን አይደለም። ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ሁሉ በማግስቱ ተመልሶ የሚጠብቃት እናት፣ የበሰለው ተበልቶ፣ የታጠበው ቆሽሾ ታገኘዋለች፤ ትናንት የፈተለችው ልቃቂት ግን ዛሬም በስፍራው ነው። ይህም ለልብ ትልቅ ዕረፍት ነው። ከጎረቤቶቿ ጋር በቡና ሰዓት ተቀምጣ ስትፈትል ደግሞ ትጫወታለች፣ ትመክራለች፣ ትመከራለች፤ ታላቂቱ ሴት ለታናሺቱ ክር ማክረርን ስታሳይ ሕፃን ማሳደግንም አብራ ታስተምራለች። ይህን ደስታ ከእናት መውሰድ አይገባም፤ የሚገባው ጊዜውን መስጠት ነው።

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። የባለሙያ ቤት የሚታወቀው በካስማው ላይ በተሰቀለው ሞሰብ ብዛት ብቻ መሆን የለበትም፤ ሞሰቡ ሲሠራ ሳለ ያደገው ልጅ ጤናና ቁመትም ይታይ። ሕፃኑ ጠግቦ፣ ታላቂቱ ልጅ ትምህርት ቤት ውላ፣ እናቲቱም ግማሽ ሰዓቷን በሰላም አግኝታ የተፈተለ ጋቢ ሲለበስ ይሞቃል። አንባቢዎቻችንም በየቤታቸው ይህን ሥርዓት ቢያቆሙ፣ ከሥራው የሚገኘው ምስጋና የሁሉም ይሆናል።